የማሳኢት ሾፌር ለመሆን፦ ትምህርት ቤቱንና የመጀመሪያውን አሠሪ እንዴት እንምረጥ?

እኔ ከመርካዙ ወጥቼ ከተማ ብገባም፣ የኡልፓን አስተማሪዬ «ስለ ሥራህ ለጋዜጣችን ጻፍ» ስላሉኝ ይህን አቅርቤአለሁ።

በግቢያችን ብዙ ወጣቶች «የማሳኢት ሪሻዮን ላውጣ» ሲሉ እሰማለሁ። ሐሳቡ መልካም ነው። አሽዶድ የወደብ ከተማ ናት፤ ወደቡ ከ1965 ጀምሮ ይሠራል፣ አሁን ደግሞ የደቡብ ወደብ የሚባል ሌላ ከጎኑ ተጨምሯል። ከመርከብ የወረደ ኮንቴይነር በራሱ እግር አይሄድም፤ የሚነዳው ሰው ይፈልጋል። ጠዋት በዓድ ሃሎም መገናኛ በኩል ያለፈ ሰው የማሳኢቱን ሰልፍ አይቶታል። እኔም ይህንኑ አይቼ ነው የገባሁበት። ነገር ግን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ አንዴ በትምህርት ቤት፣ አንዴ በአሠሪ። ሁለተኛው ስሕተት ነፍሴን ሊያስከፍለኝ ነበር።

መጀመሪያ ደረጃዎቹን እንለይ። ኢትዮጵያ ውስጥ ደረቅ፣ ፈሳሽ፣ ሕዝብ እየተባለ ይከፈላል። እዚህ በፊደል ነው። ቢ እስከ 3,500 ኪሎ ያለው የቤት መኪና ነው። ሲ 1 ከዚያ በላይ እስከ 12,000 ኪሎ ነው። ሲ ከ12,000 ኪሎ በላይ ነው። ተሳቢ ለመጎተት ሲ ፕላስ ኢ ያስፈልጋል፤ ከወደብ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የሚያወጣው ሴሚትሬለር የሚነዳው በዚህ ነው። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት «የማሳኢት ሪሻዮን እናወጣለን» ሲላችሁ «የትኛውን?» በሉ። በሲ 1 የሱቅ ዕቃ ማመላለስ ይቻላል፤ ወደብ ገብቶ ሴሚትሬለር መጎተት ግን አይቻልም። ከኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ለመለወጥ የጊዜ ገደብ ስላለው፣ ሳይውል ሳያድር ሚስራድ ሀሪሹይ ሄዳችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ስሕተቴ ልምጣ። የእቁብ ዕጣ ደርሶኝ ነበር። ያንን ገንዘብ እንዳለ ወስጄ፣ «ቶሎ እናሳልፍሃለን» ላለኝ ትምህርት ቤት በአንድ ቀን ከፈልኩ። አስተማሪው ቴስት የሚደረግበትን መንገድ ብቻ ደጋግሞ አስነዳኝ። ተሳቢ ወደ ኋላ መንዳትን ግን በቅጡ አላየሁትም። ቴስቱን አለፍኩ፣ ሪሻዮኑን ያዝኩ፣ ሥራውን ግን አላወቅሁትም!

ተሳቢ ወደ ኋላ ሲነዳ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞሩ ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳል፣ ወደ ግራ ስታዞሩ ወደ ቀኝ። ትንሽ ካበዛችሁት ተሳቢው እንደ ሰንጢ ይታጠፍና የፊቱን ይመታል። ይህ በቃል አይጠናም፤ እጅ የሚለምደው በባዶ ሜዳ ላይ በብዙ ሰዓት ነው። የንፋስ ፍሬኑም፣ ጭነት ማሰሩም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን እነዚህን ጠይቁ።

1. መኪናውን አሳዩኝ። ተሳቢ አለው? የመለማመጃ ሜዳስ አላችሁ? ቴስቱ በማርሽ ነው ወይስ በአውቶማቲክ? በሪሻዮኑ ላይ ገደብ ያመጣል?

2. አንድ ትምህርት ስንት ደቂቃ ነው? የተለመደው 40 ደቂቃ ነው። ከዚያ ውስጥ መሪው በእኔ እጅ የሚሆነው ስንቱ ነው?

3. ክፍያው እንዴት ነው? በየደረጃው የሚያስከፍል ይሻላል። ቴስት ብወድቅ ለሁለተኛው ምን ያህል እጨምራለሁ? መልሱን በወረቀት ጻፉልኝ።

4. ከእናንተ ዘንድ የተማሩ ሰዎች አሁን የት ይሠራሉ? «ስንት ሰው አለፈ?» ከሚለው ይህ ጥያቄ ይበልጣል።

«በእርግጥ ታልፋለህ» የሚላችሁን አትመኑ። ፈታኙ ከመንግሥት በኩል ነው እንጂ የትምህርት ቤቱ ሰው አይደለም። ደግሞም ሚስራድ ሀክሊታ ለሙያ ትምህርት የሚሰጠው ቫውቸር አለ። ለእናንተ ይገባ እንደሆነ የምትማሩበትን ከመጀመራችሁና ከመክፈላችሁ በፊት አማካሪያችሁን ጠይቁ። እኔ ከከፈልኩ በኋላ ነው የጠየቅሁት።

ሁለተኛው ስሕተቴ አሠሪ ላይ ነው። እቁቡን ለመመለስ ስለ ቸኮልኩ፣ በጉዞ ቁጥር ከሁሉ የበለጠ የሚከፍለውን መረጥኩ። ብዙ ጉዞ፣ ብዙ ገንዘብ፤ መልካም ይመስላል አይደል? ነገር ግን ወደብ ላይ ወረፋ የቆምኩበት ሰዓት አይከፈልም ነበር። የጠፋውን ሰዓት ለማካካስ ሌሊት መንዳት ጀመርኩ።

ሕጉ ግልጽ ነው። የከባድ መኪና ሾፌር በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 ሰዓት በላይ አይነዳም፤ 4 ሰዓት ያለማቋረጥ ከነዳ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ታኮግራፍ የሚባለው መሣሪያ የሚመዘግበው ይህንኑ ነው። አሠሪዬ «ወረፋ ላይ ስትቆም አርፈሃል» ይለኝ ነበር። ወረፋ ግን ዕረፍት አይደለም፤ ዓይን ተገልጦ፣ በየደቂቃው ሁለት ሜትር እየተጠጉ ነው። አንድ ሌሊት በ4 ቁጥር መንገድ ወደ አሽዶድ ስመለስ የጎማው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ከመንገዱ ጠርዝ ወጥቼ ነበር። ከፊቴ መኪና አልነበረም፤ እግዚአብሔር አተረፈኝ። ሲነጋ ቁልፉን መለስኩ። ባለቤቴ ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ «ልጆቹ አባት አላቸው» ብቻ አለች።

ከዚያ ያገኘሁት አሠሪ ደመወዙ ያንሳል። ነገር ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአንድ ሽማግሌ ሾፌር ጎን አስቀመጠኝ። ያን ጊዜ የአገራችን ረዳት ትዝ አለኝ። በድሮው ኤንትሬ ላይ ረዳቱ መጀመሪያ ታኮ ያስገባል፣ ጎማ ያያል፣ ሸራ ያስራል፤ መሪ የሚይዘው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሽማግሌው ያሳዩኝም ያንኑ ነው። እኛ ይህን ጥበብ እያወቅን፣ እዚህ ስንመጣ ሪሻዮን ያለው ሁሉ ሾፌር መሰለን።

የመጀመሪያውን አሠሪ ደግሞ እንዲህ ጠይቁ።

1. ከልምድ ሾፌር ጋር ስንት ቀን እሄዳለሁ? «ዛሬውኑ ቁልፉን ውሰድ» የሚል ካለ ፍሩ።

2. ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ በጉዞ? የወረፋ ሰዓትስ? ትርፍ ሰዓት (ሻዖት ኖሳፎት) የመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓቶች በ125 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ በ150 በመቶ ነው የሚታሰበው።

3. ትሉሽ (የደመወዝ ወረቀት) ትሰጣላችሁ? «ዓጽማኢ ሁንና ሄሽቦኒት አምጣ» ካላችሁ ተጠንቀቁ፤ ያን ጊዜ ፔንሲያውም የሕመም ቀኑም በእናንተ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ለተቀጣሪ ፔንሲያ ከ2008 ጀምሮ ግዴታ ነው።

4. የሥራውን ሁኔታ በጽሑፍ ትሰጡኛላችሁ? በ2002 የወጣው ሕግ አሠሪው በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ያዝዛል። ዕብራይስጡ ቢከብዳችሁ ሳትፈርሙ ወደ ኡልፓን አምጡት።

5. ሻባትስ? በ1951 የወጣው ሕግ በሳምንት ቢያንስ 36 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፣ ለአይሁዳዊ ሻባት በውስጡ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሩቅ አገር ይልኩ እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ።

6. መኪና ላይ ጉዳት ቢደርስ ከደመወዝ ትቆርጣላችሁ? ሕጉ ከደመወዝ የሚቆረጠውን ወስኖታል፤ አሠሪ እንደ ፈለገ አይቆርጥም።

ይህን ሁሉ መጠየቅ ነውር ይመስለናል። እኛ ትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለት የለመድን ሕዝብ ነን። እዚህ አገር ግን የጠየቀ ሰው ሥራውን የሚያውቅ ተደርጎ ይታያል። የሚቆጣ አሠሪ ቢያጋጥማችሁ፣ በቁጣው መልሱን ነግሯችኋል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ግን አንዴ ከተገለበጠ አይለቀምም። ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ለገንዘብ ሳይሆን ለሙያው ስጡት። ገንዘቡ ከሙያው ኋላ ይመጣል።

ወረቀት ይዞ መጠየቅ የሚፈልግ ካለ፣ ማክሰኞ ማታ ኡልፓን ክፍል እገኛለሁ። ለሁላችሁም መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።