የወይን ጠጅ መቅመሻ ክፍል፦ ተረትና እውነታ ለአሶሳ ተጓዥ

ከአሶሳ ተነሥቶ ለዕረፍት ወደ መሀል አገር የሚወጣ ቤተሰብ የሚያያቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ አዲስ አበባ፣ ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐዋሳ መንገድ ላይ የምትገኘው ባቱ፣ ብዙዎች ዛሬም ዝዋይ የሚሏት ከተማ፣ ዓሣ ተበልቶባት ትታለፋለች። ሰፊ የወይን እርሻና የወይን ጠጅ መጥመቂያ እንዳላት እያወቁ ጎራ የማይሉትም ብዙ ናቸው። የሚያስቀራቸው ርቀቱ ሳይሆን ወሬው ነው። መቅመሻ ክፍል ግን ሙያ የሚታይበትና የሚጠየቅበት ቦታ ነው። ስለ እርሱ ከሚነገሩት መካከል ሰባቱን እንይ።

ተረት 1፦ ወይን ጠጅ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለእኛ አገር ትናንት የመጣ ነው።

እውነታ፦ በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር የነጋዴዎች መመሪያ፣ ፔሪፕለስ፣ በአዱሊስ ወደብ ከሚራገፉት ሸቀጦች መካከል የሎዶቅያንና የኢጣሊያን ወይን ጠጅ ይጠቅሳል። በአክሱም ሐውልቶች እግር ሥር ከተነጠፉት ድንጋዮች በአንዱ ላይ የወይን ሐረግ ተቀርጿል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ዛሬም ዘቢብ በውሃ ተዘፍዝፎ ይዘጋጃል። በፋብሪካ ደረጃም ቢሆን ጉደርንና አክሱማይትን የሚያመርተው የአዲስ አበባው አዋሽ ወይን ጠጅ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀምሮ የዘለቀ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ከመንግሥት እጅ ሲወጣ ከገዢዎቹ አንዱ ኤይት ማይልስ የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት ነበር። ድርጅቱን የሚመራው ደግሞ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ለኢትዮጵያ እርዳታ በማሰባሰብ የታወቀው ሙዚቀኛ ቦብ ጌልዶፍ ነበር። የባቱው መጥመቂያ ካስቴል የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ ያቀረበው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚህ ረጅም መስመር ላይ ታናሹ እርሱ ነው።

ተረት 2፦ ሙቀት ባለበት አገር ወይን አያፈራም።

እውነታ፦ ወይን ፀሐይ ይወዳል። የሚጎዳው ፍሬው በሚበስልበት ጊዜ የሚወርድ ዝናብና ዝናቡ የሚያመጣው ሻጋታ ነው። አሶሳና ባቱ በከፍታ ይቀራረባሉ፤ ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ናቸው። የሚለያያቸው ዝናቡ ነው። አሶሳ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ሲዘንብባት ይከርማል፤ ማንጎዋና ቀርከሃዋ የሚያምረውም በዚሁ ነው። ባቱ ግን በስምጥ ሸለቆው ደረቅ ወለልና አሸዋማ አፈር ላይ ስለሆነች፣ የጎደለውን ውሃ ሠራተኛው በመስኖ በልክ ይሰጣል። በረዷማ ወቅት ስለሌለም ተክሉ እንደ አውሮፓው ቅጠሉን አራግፎ አይተኛም። መቼ እንደሚያቆጠቁጥ የሚወስነው የገራዡ መቀስ ነው። በእርሻው ላይ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን እና ሻርዶኔ የተባሉት ዝርያዎች ይበቅላሉ። በአጠገቡ ካለው ሐይቅ የሚወጣ ጉማሬና ሌላ አውሬ እንዳይገባም ዙሪያው ቦይ ተቆፍሮለታል።

ተረት 3፦ የማይጠጣ ሰው እዚያ ምን ይሠራል?

እውነታ፦ በአሶሳ በብዙ ቤት አልኮል በእምነት ምክንያት አይገባም። የጉብኝቱ ትልቁ ክፍል ግን ምንም መጠጣት አይጠይቅም። ዘለላው ሲለቀም፣ ፍሬው ሲጨመቅ፣ ጭማቂው በጋን ውስጥ ሲብላላ፣ ከዚያም በኦክ በርሜል ሲቀመጥ ያለውን ሂደት ማየትና መጠየቅ በራሱ ትምህርት ነው። የሚቀምስም ቢሆን የሚቀዳለት ከብርጭቆው ግርጌ ጥቂት ነው። መጀመሪያ ቀለሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል፤ ብርጭቆውን አዙሮ ያሸታል፤ ከዚያ ተጎንጭቶ በአፉ ያዞረዋል። ከተጎነጨ በኋላ በተዘጋጀው ዕቃ ውስጥ መትፋት የሙያው ደንብ ነው። በእኛ ዘንድ የቀረበልንን መትፋት ነውር ስለሆነ ብዙ እንግዳ ያፍራል፤ አስተናጋጁ ግን ቅር አይለውም። መኪና የሚነዳ ሰው እንዲያውም ባይቀምስ ይሻላል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥ የተከለከለ ስለሆነ፣ ልጆችን የያዘ ቤተሰብ ጉብኝቱን በእርሻው ላይ ቢያደርግ ይመከራል። መጥመቂያው በመጀመሪያ ደረጃ ሥራ ላይ ያለ ፋብሪካ ነውና አስቀድሞ ደውሎ ቀጠሮ መያዝም ያስፈልጋል።

ተረት 4፦ የማይጣፍጥ ወይን ጠጅ ተበላሽቷል፤ ቀዩ ደግሞ ቀለም ተጨምሮበታል።

እውነታ፦ በጠጅ የለመደ አፍ ጣፋጭ ይጠብቃል። እርሾ የፍሬውን ስኳር እየበላ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ስኳሩን ሙሉ በሙሉ ሲጨርሰው ወይኑ ደረቅ ይባላል፤ መብላላቱ ቀደም ብሎ ሲቆም ወይም ጣፋጭ ጭማቂ ሲታከልበት ደግሞ ጣፋጭ ይሆናል። ሁለቱም ታስቦባቸው የሚሠሩ ናቸው። ምላስን የሚያደርቀው ስሜት ታኒን ከተባለው ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው፤ ብዙ የቆየ ወፍራም ሻይ አፍን እንደሚይዘው ማለት ነው። ቀለሙና ብዙው ታኒን የሚገኙት ከወይኑ ልጣጭ ነው። የአብዛኛው ቀይ ወይን ጭማቂ ውሃ የመሰለ ነው፤ ቀይ የሚሆነው ከልጣጩ ጋር አብሮ ሲብላላ ነው። ለዚህም ነው ከጥቁር ዘለላ ነጭ ወይን ጠጅ መሥራት የሚቻለው።

ተረት 5፦ ወይን ጠጅ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል።

እውነታ፦ በዓለም ላይ የሚመረተው አብዛኛው ወይን ጠጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ታስቦ የሚሠራ ነው። ለዐሥርት ዓመታት ተቀምጠው የሚሻሻሉት ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይፈልጋሉ። ከባቱ ተገዝቶ በመኪና የዕቃ መጫኛ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ወደ አሶሳ የሚሄድ ጠርሙስ መንገድ ላይ ሊበላሽ ይችላል። ቡሽ የተደፈነበት ጠርሙስ ለወራት ቁሞ ከተቀመጠ ቡሹ ይደርቅና አየር ያስገባል። ስለዚህ ለስጦታ የሚገዛ ሰው ጠርሙሱን ከሙቀት ይጠብቅ፣ ያጋድመው፣ ለዓመታትም ባያስቀምጠው ይሻላል።

ተረት 6፦ ቀይ ወይን ለልብ መድኃኒት ነው።

እውነታ፦ ይህ አባባል በዓለም የተሠራጨው በ1991 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴሌቪዥን ስለ ፈረንሳዮች የልብ ጤና ከቀረበ ዝግጅት በኋላ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ግን አልኮልን ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ጋር የመደበው ከዚያ በፊት፣ በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ነፍሰ ጡር ጭራሽ አትቅመስ። ወይን ጠጅን ስለ ጣዕሙና ስለ ሙያው ማክበር ይቻላል፤ ለመድኃኒት ብሎ መጠጣት ግን ራስን ማታለል ነው።

ተረት 7፦ መቅመሻ ክፍል የወይን አገር ቅንጦት ነው፤ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚሆን ነገር የለውም።

እውነታ፦ ለክልሉ ሰው ከጉብኝቱ የሚገኘው ትልቁ ትርፍ እዚህ ላይ ነው። በኬፕ ታውን አቅራቢያ ያለው ግሩት ኮንስታንሺያ በ1685 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የወይን እርሻ ነው። ዛሬ ጎብኚ የሚጎርፍለት ታሪኩን፣ መሬቱንና ምርቱን አንድ ላይ ስለሚያሳይ ነው። መቅመሻ ክፍል ማለት በመሠረቱ አምራቹና ገዢው ፊት ለፊት ተገናኝተው፣ ምርቱ ከየትኛው መሬትና ከየትኛው ወቅት እንደተገኘ የሚነጋገሩበት ቦታ ነው። ይህ አልኮል የግድ አይልም። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ማር በጫካ ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ ይቆረጣል፤ ጣዕሙና ቀለሙ ንቡ እንደቀሰመው አበባና እንደ ወቅቱ ይለያያል። ሆኖም ብዙው ተደባልቆ፣ አገሩ ሳይጠቀስ በጀሪካን ይሸጣል። የአሶሳ ማንጎም እንዲሁ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይበላል።

ባቱን የሚጎበኝ የአሶሳ ሰው አስጎብኚውን ስለ ወይኑ ብቻ አይጠይቅ። ዘለላውን በየማሳው ለይታችሁ የምትይዙት ለምንድን ነው? በጠርሙሱ ላይ ዓመቱን መጻፍ ምን ጠቀማችሁ? ጎብኚ መቀበል ስትጀምሩ ምን ተዘጋጀ? ይበል። የማር ማኅበራትና የክልሉ የቱሪዝም ሠራተኞች እነዚህን መልሶች ይዘው ቢመለሱ፣ ወደ አሶሳ የሚመጣ እንግዳ የአንዱን ወረዳ ማር ከሌላው ለይቶ የሚቀምስበት አንድ ክፍል ለመክፈት የሚጎድላቸው ነገር ጥቂት ነው። ማሩ አለ፤ ሙያውም በቆራጮቹ እጅ አለ።