ዘሩ የታወቀ ቡችላ ለመግዛት ስለ ታማኝ አርቢ አመራረጥ

መጋዘን ወይም ሱቅ ያለው ሰው ከዘበኛው ቀጥሎ የሚያስበው ስለ ውሻ ነው። ለዚሁም አገልግሎት ብዙ ሰው የሚፈልገው ጀርመን ሼፐርድ የተባለውን የጀርመን እረኛ ውሻ ነው። ይሁን እንጂ ቡና ሲገዛ ናሙና አስቀርቦ፣ በእጁ ዳስሶ፣ በአፍንጫው አሽትቶ የሚዋዋለው ነጋዴ፣ ቡችላ ሲገዛ ግን በመልኩ ማማር ብቻ ተማርኮ ገንዘቡን ሲቈጥር ይታያል። የቡችላ ጕድለት ደግሞ በተገዛበት ቀን አይታይም፤ አንዳንዱ ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዱም ከዓመትና ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ቤተ ሰቡ ከለመደው ወዲያ ይገለጣል።

ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የተባለው የጀርመን የፈረሰኛ ጦር መኰንን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ዓ. ም. ሆራንድ ፎን ግራፍራት የተባለውን ውሻ ገዝቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር የዘሩን ማኅበር መሠረተ። ያ ውሻ በማኅበሩ መዝገብ ተራ ቍጥር 1 ሆኖ ተጻፈ። እንግዲህ የዘር ወረቀት ማለት ከእንደዚህ ያለ መዝገብ የተገለበጠ የትውልድ ሐረግ ነው፤ አባቱና እናቱ እነማን እንደ ሆኑ ይመሰክራል እንጂ በራሱ ለቡችላው ጤንነት ዋስ አይሆንም። ይህ ነገር ለአስመጭዎች እንግዳ አይደለም፤ በሌተር ኦፍ ክሬዲት ሲገዙ ባንኩ የሚመረምረው ሰነዱን እንጂ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ዕቃ አለመሆኑን ያውቃሉና።

በ1911 ዓ. ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) የተቋቋመውና ዋና ጽሕፈት ቤቱ በቤልጅግ አገር የሚገኘው ዓለም አቀፍ የውሻ ማኅበር፣ በምሕፃሩ ኤፍ ሲ አይ፣ ራሱ የዘር ወረቀት አይሰጥም። ወረቀቱን የሚሰጡት በየአገሩ ያሉት አባል ማኅበሮች ናቸው። ስለዚህ «ከኤፍ ሲ አይ በቀጥታ የተሰጠ ወረቀት አለኝ» የሚል ሻጭ ቢገኝ፣ ወይ ነገሩን አያውቅም፣ ወይ ገዥው እንዳያውቅ ይፈልጋል። ወረቀቱ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ ለዚሁ ቡችላ የተሰጠ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። በቡችላው ቆዳ ሥር የሚቀበረው ማይክሮቺፕ 15 አኃዝ ያለው ቍጥር ይዟል፤ ሐኪም በማንበቢያ መሣሪያ ሲያነበው በሰነዱ ላይ ካለው ቍጥር ጋር አንድ መሆን አለበት።

በዚህ ዘር ላይ ከሚደርሱት ጕድለቶች ዋነኛው የዳሌ መገጣጠሚያ መላላት ነው። የጭኑ አጥንት ራስ በማቀፊያው ውስጥ በሚገባ ስለማይቀመጥ፣ ሲውል ሲያድር መገጣጠሚያው ይበላሻል፤ ውሻውም ለጥበቃ በሚፈለግበት ዕድሜ ያነክሳል። በሽታው ከወላጆች የሚወረስ ሲሆን፣ አመጋገብና ክብደትም ያባብሱታል። በስምንት ሳምንት ቡችላ ላይ ግን በዓይን አይታይም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የወላጆቹ ራጅ ነው፤ ታማኝ አርቢ አባትና እናቱን ሳያስመረምር አያዳቅልም፣ ውጤቱንም ሳይለመን ያሳያል። «ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፣ እኔን እመኑኝ» የሚል መልስ እንደ ማስረጃ አይቈጠርም።

እናቲቱን በስፍራዋ ማየትም ግድ ነው። በእንግሊዝ አገር ከ2020 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ.) ጀምሮ ደላላና የቤት እንስሳት ሱቅ ከስድስት ወር በታች ያለ ቡችላ እንዳይሸጡ ተከልክሏል፤ ገዥውም ቡችላውን ከተወለደበት ቦታ ከእናቱ ጋር አይቶ እንዲገዛ ሆኗል። ሕጉ የሉሲ ሕግ ይባላል፤ ስያሜው ከእኛዪቱ ድንቅነሽ ጋር ግንኙነት የለውም፣ በክፉ አያያዝ ስትወልድ ከኖረች አንዲት ውሻ የተወሰደ ነው። እናቲቱን «ገጠር ናት» ወይም «ታማለች» እያለ የሚያሳብብ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱ አርቢ ሳይሆን ከሌላ ገዝቶ የሚሸጥ ነው። ከመንገድ ዳር የተገዛ ቡችላ ፓርቮ የሚባለውን ተላላፊ የአንጀት በሽታ ይዞ በሳምንት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንደ ልማዱ ከ12 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ የሁለት ወር ቡችላ ይዞ «ይህም ተከትቧል» የሚል ሻጭ ቢኖር ሰነዱን ሁለት ጊዜ መመልከት ይገባል። ይህ በሽታ በአገራችን ሰው የሚገድል ነውና፣ ልጆች ባሉበት ቤት ነገሩ የገንዘብ ጕዳይ ብቻ አይደለም።

ነጋዴን ሊያስገርመው የሚችል ሌላ ምልክትም አለ። ጥሩ አርቢ ገዥውን ይመረምራል፤ ግቢው የታጠረ መሆኑን፣ ውሻው ቀኑን በሙሉ ታስሮ ይውል እንደ ሆነ፣ ማን እንደሚመግበው ይጠይቃል፤ ካልተመቸውም አይሸጥም። ቡችሎቹንም ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው አይሰጥም። በአንጻሩ፣ ስድስት ሰባት ዓይነት ዘር ሁልጊዜ በእጁ ያለ፣ ዛሬውኑ እንዲከፈለው የሚቻኰል፣ ከውጭ አገርም ሆኖ ቀብድ ከተቀበለ በኋላ ለሣጥን፣ ለኢንሹራንስ፣ ለጉምሩክ እያለ ገንዘብ የሚጨምር ሰው ብዙ ጊዜ ቡችላም የለው።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የቡችላው የማይክሮቺፕ ቍጥር፣ የተወለደበት ቀን፣ የወላጆቹ ስም፣ የወረቀቱ ማስረከቢያ ቀን፣ ከወላጆቹ የወረሰው በሽታ ቢገኝበት ሻጩ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ይጻፍበት። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዥው የተረከበውን ነገር ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጕድለት ቢያገኝ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ስለዚህ ቡችላው በተገዛ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ለእንስሳት ሐኪም ቢታይ፣ ሐኪሙም የሰጠው ጽሑፍ ቀኑ ሠፍሮበት ከደረሰኙ ጋር ቢቀመጥ፣ ክርክር በተነሣ ጊዜ ገዥው ባዶ እጁን አይቀርብም።