የበርክሊ ፕሮቶኮል፦ ለሁሉም የሚታየው መረጃ እስከ ምን ድረስ ይሰበሰባል?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 2017 ዘ ሄግ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ማህሙድ አል ወርፋሊ በተባለ የሊቢያ የጦር አዛዥ ላይ የእስር ማዘዣ አወጣ። ሰውየው የተጠረጠረው በቤንጋዚና አካባቢዋ 33 ሰዎች በሰባት የተለያዩ ጊዜያት በተገደሉበት ወንጀል ነው። ከማስረጃዎቹ ዋነኞቹ በማኅበራዊ ሚዲያ የተሰራጩ ቪዲዮዎች ነበሩ፤ ስልክ ያለው ሁሉ ሊያያቸው ይችል ነበር።

በዚያው ሰሞን የመብት ተሟጋቾችና ጋዜጠኞችም በዚሁ መንገድ ብዙ ሥራ ይሠሩ ነበር። ነገር ግን ማን፣ ምን ያህል፣ በምን ዘዴ ቢሰበስብ ተገቢ እንደሆነ የሚመሩበት የጋራ ደንብ አልነበራቸውም። ዲሴምበር 2020 ላይ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የሚገኘው የሰብአዊ መብቶች ማዕከል ከተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ጋር ሆኖ፣ የናዚ መሪዎች የተዳኙበት የኑረምበርግ ችሎት 75ኛ ዓመት ሲታሰብ የበርክሊ ፕሮቶኮልን ይፋ አደረገ። ፕሮቶኮሉ የሚያስገድድ ሕግ አይደለም፤ መርማሪው በፈቃዱ የሚከተለው መመሪያ ነው።

መመሪያው ይፋዊ መረጃ የሚለው፣ ማንም ሰው ልዩ ሥልጣን ሳይኖረውና ያልተፈቀደለት ቦታ ሳይገባ ሊያየው፣ ሊጠይቀው ወይም ሊገዛው የሚችለውን ነው። የይለፍ ቃል ሰብሮ የተገኘ ነገር ከዚህ ውጭ እንደሆነ ግልጽ ነው። የሚያስቸግረው መሐል ያለው ነው። መርማሪው ለራሱ ደኅንነት ሲል ማንነቱን በማያሳይ አካውንት ይፋ ገጾችን ቢመለከት ያስኬዳል። በዚያው አካውንት ወዳጅ መስሎ ቀርቦ አንድ ሰው የዘጋውን ገጽ እንዲከፍትለት ቢያግባባው ግን ማታለል ውስጥ ገብቷል። ይህን ድንበር የሚያልፉ ሰዎች “ዓላማችን በጎ ነው” ሲሉ ይደመጣሉ፤ እኔ ግን በጎ ዓላማ የተታለለውን ሰው መብት ይሽራል ብዬ አላምንም።

ሌላው አደጋ መረጃን ማገጣጠም ነው። አንድ ፎቶ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የአንድ ሰው ቤት በር፣ የልጆቹ ዩኒፎርም፣ ጠዋት ቡና የሚጠጣበት ቦታ ከተለያዩ ገጾች ተለቅመው አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን ለገዳይ አድራሻ ይሆናሉ። ስለዚህ ፕሮቶኮሉ መርማሪው ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበስብ ያሳስባል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የቢቢሲ የምርመራ ፕሮግራም አፍሪካ አይና ቤሊንግካት የተባለው የመርማሪዎች ቡድን በትግራይ ማኅበረ ዴጎ አቅራቢያ የተቀረጹ የግድያ ቪዲዮዎችን ከተራሮቹ ቅርጽ ጋር አመሳክረው ቦታውን ለይተዋል። እንዲህ ያለ ምስል ውስጥ የሚታዩት ሟቾች ፈቃዳቸውን ሊሰጡ አይችሉም፤ ክብራቸውን መጠበቅ የሰብሳቢው ግዴታ ነው።

በሕይወት ያለ ምስክር ሲሆን ጥንቃቄው ይበረታል። የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግና የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ትብብር ተቋም ዩሮጀስት እ.ኤ.አ. በ2022 ለሲቪል ማኅበራት ባወጡት መመሪያ፣ ከተጎጂዎች ዝርዝር ቃል ለመቀበል እንዳይጣደፉ መክረዋል። አንድ ሰው ያንኑ መከራ ለብዙ ጠያቂ ደጋግሞ ሲናገር ቁስሉ ያመረቅዛል፤ በቃሎቹ መካከል የሚገኘው ትንሽ ልዩነትም ችሎት ላይ የተከሳሽ ጠበቃ መሣሪያ ይሆናል። ስሙ ከወጣ ደግሞ የሚመለስበት ሰፈር ላይኖረው ይችላል።

በአገራችን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ቢሆንም ሕግ ብቻውን አይበቃም፤ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው መርማሪው ጋ ሳይሆን እርስዎ ጋ ነው። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ምስሉን ሲጨምቁት የተቀረጸበትን ቀንና ቦታ የሚናገረው መረጃ ይጠፋልና፣ የቀረጹት እርስዎ ከሆኑ ዋናውን ፋይል እንዳለ ያስቀምጡ። የምስክሩን ፊትና ስም ግን በምንም ምክንያት አያሰራጩ።