ከጥቁር ድንጋይ ሥር የሚጓዝ ብክለት

የጎጃም ደጋ የተቀመጠው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ቅልጥ አለት እየተደራረበ ባዛልት ሆነ፤ ቆይቶም የጮቄ እሳተ ገሞራ የራሱን ንብርብር ጨመረበት። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው መጀመሪያ አፈሩን፣ ቀጥሎ የበሰበሰውን ድንጋይ፣ ከዚያም ጥቁሩን አለት ያገኛል። ውሃው ያለው በበሰበሰው ድንጋይ ውስጥና በአለቱ ስንጥቆች መካከል ነው። ቆሻሻም ከገባ የሚጓዘው በዚያው ስንጥቅ ነው፤ መንገዱን ከላይ ሆኖ የሚያይ የለም።

ይህን የማይታይ ጉዞ በኮምፒውተር የማስላት ሙያ ከባዱን ትምህርት የቀሰመው በኑክሌር ጣቢያዎች ነው። ኢትዮጵያ የኑክሌር ማመንጫ የላትም፤ ታሪኩ የተፈጸመበት ድንጋይ ግን ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት የስኔክ ወንዝ ሜዳም ባዛልት ነው። እዚያ ባለው የሬአክተር ምርምር ጣቢያ ትሪቲየም የተባለውን ጨረር አመንጪ ሃይድሮጅን የያዘ ፍሳሽ ከ1950ዎቹ እስከ 1984 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በጥልቅ ጉድጓድ ወደ ከርሰ ምድር ውሃው ይለቀቅ ነበር። በ1974 የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባለሙያ ሮበርትሰን ፍሳሹ ወደፊት የት እንደሚደርስ የሚተነብይ ሞዴል አወጣ። በ1982 ሌሎች ባለሙያዎች ትንበያውን ከጉድጓድ ናሙናዎች ጋር ሲያስተያዩት ብክለቱ ሞዴሉ ያለውን ያህል ርቆ አልሄደም። ሮበርትሰን የከፋውን ሁኔታ አስቦ ነበርና ስሌቱ ወደ ጥንቃቄው አጋደለ። የዚህ ሥራ ትልቁ ዋጋ ይኸው ነው፤ ትንበያው ተጽፎ ተቀመጠ፣ ዓመታት ቆይቶም በጉድጓድ ተፈተነ።

አሠራሩ ለገበጣ ተጫዋች አይከብድም። ሞዴሉ ከመሬት በታች ያለውን እንደ ገበጣ በብዙ ሺህ ቤቶች ይከፍለዋል። ለእያንዳንዱ ቤት ድንጋዩ ምን ያህል ውሃ እንደሚያሳልፍና ምን ያህል ዝናብ እንደሚሰርግበት ይነገረዋል። ከዚያ ከቤት ወደ ቤት የሚያልፈውን ይቆጥራል፤ የገባው ከወጣውና ከቀረው ጋር መመጣጠን አለበት። የፍሰቱን ሕግ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ በ1856 አሳትሞታል። ዛሬ በዓለም በስፋት የሚሠራበት ሞድፍሎው የተባለው ፕሮግራም በ1984 የወጣ ሲሆን ማንም ሰው በነፃ ያወርደዋል።

ውሃው ከተሰላ በኋላ ብክለቱ ይጨመርበታል፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ትሪቲየም በየ12.3 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ የሌላው ጨረር አመንጪ፣ የቴክኒሺየም-99፣ ግማሹ እስኪጠፋ ግን ከ200,000 ዓመት በላይ ይፈጃል። እንዲሁ ጨረር አመንጪ የሆነው ሴዚየም-137 ከሸክላ አፈር ጋር ተጣብቆ ይዘገያል፤ ቴክኒሺየም ብዙውን ጊዜ ከውሃው እኩል ይሄዳል። የድንጋዩ ጠባይ በእርግጠኝነት ስለማይታወቅ ቁጥሮቹ እየተለዋወጡ ስሌቱ ብዙ ጊዜ ይደገማል። በመጨረሻ የሚገኘው ብክለቱ ከአንድ ምንጭ ወይም ወንዝ የመድረስ ዕድሉ ከመቶ ስንት እንደሆነ ነው። ባለሙያዎች አደጋ የሚሉት ይህን ዕድል ከሚያስከትለው ጉዳት ጋር አዳምረው ነው።

ባዛልት ለኑክሌር ቆሻሻ መቃብርነትም ታጭቶ ያውቃል። በዋሽንግተን ግዛት ሃንፎርድ፣ ጨረር አመንጪ ዝቃጭ የያዙ 177 የምድር ውስጥ ታንኮች ባሉበት ጣቢያ፣ ከሥር ያለው ባዛልት በ1986 ከሦስቱ የመጨረሻ እጩዎች አንዱ ነበር። በ1987 የአሜሪካ ኮንግረስ ሌላውን እጩ ዩካ ተራራን ብቻ ሲመርጥ ጥናቱ ቆመ።

ደብረ ማርቆስ ሬአክተር የላትም። ሽንት ቤት፣ ነዳጅ ማደያ፣ ቆሻሻ መጣያ፣ በዙሪያዋም ዩሪያ የሚነሰነስበት የጤፍና የስንዴ ማሳ ግን አለ። ከሽንት ቤትና ከማዳበሪያ የሚመጣው ናይትሬት እንደ ቴክኒሺየም ሁሉ አፈር አይዘውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ በተለይ ጡጦ ለሚጠቡ ሕፃናት ያሰጋል። የጎጃም አፈርም ለስሌት ቀላል አይደለም። ዋልካው ክረምት ሲርስ ይደፈናል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ሲወርድ በላይ የተጠራቀመውን ይዞ ይገባል። ለአፈሩ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቁጥር የሰጠ ሞዴል ይህን አያየውም።

ውሃው ከመሬት በታች ስንት ዓመት እንደቆየ ለማወቅ ኑክሌር ራሱ ይረዳል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተደረጉ የቦምብ ሙከራዎች የበተኑት ትሪቲየም በዓለም ዙሪያ ከዝናብ ጋር ወርዷል። የአዲስ አበባ ዝናብ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መረብ ተመዝግቧል። ትሪቲየም የማይገኝበት የጉድጓድ ውሃ ከሙከራዎቹ በፊት የሰረገ ነው፤ ትሪቲየም ያለው ውሃ ከላይ ከሚኖረው ሰው ሥራ ጋር የተገናኘ ነው።

ፕሮግራሙ በነፃ ይገኛል፣ ሕጉም ከ160 ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚጎድለው ልኬት ነው። ይህም የሚቻል መሆኑ በዳንግላ ወረዳ ዳንገሽታ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የአካባቢው ነዋሪዎች በእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ድጋፍ ዝናቡን፣ ወንዙንና የጉድጓዳቸውን ውሃ ከፍታ ራሳቸው ለኩ። መዝገባቸው ከሌሎች መረጃዎች ጋር ሲመሳከር ለሳይንስ የሚበቃ ሆኖ ተገኘ፤ ውጤቱም በ2016 ታተመ። በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ያለውን የጨሞጋ ወንዝ ተፋሰስ ለማስላት የሚነሣ ባለሙያም ከኮምፒውተሩ በፊት የሚያስፈልገው ይህን የመሰለ የውሃ ከፍታ መዝገብና ከአንድ ጉድጓድ በሰኔና በጥር የተወሰደ የናይትሬት ናሙና ነው፤ ያውም ለተከታታይ ዓመታት።