«ሳውንድ ካርዱ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ የሆኑ እናት በር ላይ ቆመው ጠሩኝ። ልጃቸው የምትኖረው ዱባይ ነው። በየሳምንቱ በቪዲዮ ይገናኛሉ፤ የስልኩ ስክሪን ለዓይናቸው ስለሚያንስባቸው ሳሎን ያለውን ላፕቶፕ ይመርጣሉ። «እስቲ ና ልጄ፣ እይልኝ፤ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም» አሉኝ። ገብቼ ሳይ እውነትም ልጅቷ ስክሪኑ ላይ አለች፤ ጆሮዋን እየነካች እሷም እንደማትሰማ በምልክት ትነግራቸዋለች።

«እማማ፣ መቼ ነው ድምፁ የጠፋው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ላፕቶፑ ከሦስት ቀን በፊት ፎርማት ተደርጎ መጥቷል፤ ድምፁ የጠፋው ከዚያ ወዲህ ነው። መልሰው ሲወስዱት ደግሞ «ሳውንድ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ማዘርቦርዱ መቀየር አለበት» ተብለዋል። ኮምፒውተር ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይህን አባባል ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥርም አዝናለሁ። እስከ ፎርማቱ ድረስ ድምፅ የነበረው ማሽን በማግስቱ ዝም ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጎደለ ድራይቨር ነው። ድራይቨር ደግሞ በነፃ ይገኛል።

ስለዚህ ድምፅ ያጣ ኮምፒውተር ቤትዎ ካለ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይህን ያንብቡ። የሚያስፈልግዎ ትዕግሥት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ እንዲሁም ግማሽ ሰዓት ያህል ነው።

ሹፌር የሌለው መኪና

ድራይቨር ማለት በቀጥታ ሲተረጎም ሹፌር ነው፤ ስሙም ሥራውን በደንብ ይገልጸዋል። መኪናው ደህና ሆኖ፣ ነዳጁም ሞልቶ፣ ሹፌር ከሌለ ከቆመበት አይነቃነቅም። የድምፅ ዕቃውም እንዲሁ ነው፤ የሚያዘው ፕሮግራም ከሌለ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዝም ይላል።

ኮምፒውተር ድምፅን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የሲዲ ሙዚቃ ለእያንዳንዱ ጆሮ በሰከንድ 44,100 ቁጥሮች ይይዛል፤ የቪዲዮ ድምፅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 48,000። እነዚህን ቁጥሮች ስፒከሩን ወደሚያንቀጠቅጥ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ፣ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ቺፕ ነው፤ ኮዴክ ይባላል። በማይክሮፎን ስንናገር ደግሞ ድምፃችንን መልሶ ቁጥር ያደርገዋል። በብዙ የቤት ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለው ኮዴክ ሪልቴክ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ሥራ ነው።

ኮዴኩ ግን ከዊንዶውስ ጋር በቀጥታ አይነጋገርም። በመካከላቸው ኮንትሮለር የሚባል አገናኝ አለ፤ እሱ ብዙውን ጊዜ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ነው። ሁለቱን እንደ የግቢ በርና የቤት በር ያስቧቸው፤ የግቢው በር ካልተከፈተ የቤቱ በር ጭራሽ አይታይም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ የእማማ ላፕቶፕ ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው።

«ሳውንድ ካርድ» የሚለው ስም የመጣው ከድሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ከጢጥታ ያለፈ ድምፅ አልነበረውም። በ1989 እንደወጣው ሳውንድ ብላስተር ያሉ ካርዶች ለብቻቸው እየተገዙ ይሰኩ ነበር። ዛሬ ግን በአብዛኛው የቤት ኮምፒውተር ውስጥ ለብቻው የሚነቀል ካርድ የለም። ኢንቴል በ2004 ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ የተባለውን ደረጃ አወጣ፤ ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ ለዚህ ደረጃ የሚሆን አጠቃላይ ድራይቨር ይዞ መምጣት ጀመረ። ብዙ ኮምፒውተሮች ፎርማት ሲደረጉ ምንም ሳይጫንላቸው ድምፅ የሚሰጡት በዚህ ምክንያት ነው። በቅርብ ዓመታት በተሠሩ በርካታ ላፕቶፖች ላይ ግን ኢንቴል ስማርት ሳውንድ ቴክኖሎጂ የሚባል ሌላ አሠራር አለ፤ ለሱ የሚሆነው ድራይቨር ለብቻው መጫን ይኖርበታል።

በመጀመሪያ ቀላሉን

ድራይቨር ከመፈለግዎ በፊት ቀላል ነገሮችን ያጣሩ። ኪቦርዱ ላይ ድምፅ የሚያጠፋው ቁልፍ ተነክቶ ይሆናል። የዴስክቶፕ ስፒከር ከሆነ መብራቱ መብራቱንና ገመዱ አረንጓዴው ቀዳዳ ውስጥ መሰካቱን ይዩ፤ ሮዙ የማይክሮፎን ነው። ኮምፒውተሩ በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ ከሆነ ደግሞ ድምፁ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን የስፒከር ምልክት ይመልከቱ። ምልክቷን ጫን ሲሉ የስፒከሩ ስም ከወጣ፣ በድምፅ ማስተካከያው ገጽ ላይም ሙዚቃ ሲከፈት መለኪያው ከፍ ዝቅ ካለ፣ ድራይቨሩ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ችግሩን ገመዱ ወይም ስፒከሩ ላይ ይፈልጉት። ምልክቷ ላይ ቀይ ኤክስ ካለ፣ ወይም ምንም የድምፅ ማውጫ አልተገኘም የሚል መልእክት ከመጣ ግን ወደሚቀጥለው ይለፉ። እማማ ላፕቶፕ ላይ ያየሁት ቀዩን ኤክስ ነበር።

ኮምፒውተሩን ራሱን መጠየቅ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ኮምፒውተር በሽታውን አይደብቅም፤ ጠያቂ ነው የሚያጣው። መጠየቂያው ዲቫይስ ማኔጀር ነው። የስታርት ምልክቱን ቀኝ ክሊክ ሲያደርጉ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ያገኙታል። ሲከፈት የማሽኑ ዕቃዎች በየወገናቸው ተደርድረው ይታያሉ።

«ሳውንድ፣ ቪዲዮ ኤንድ ጌም ኮንትሮለርስ» የሚለውን ይክፈቱ። «ሪልቴክ» ወይም «ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ ዲቫይስ» የሚል ስም ያለ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት ከተቀመጠ ድራይቨር አለ ማለት ነው። ስሙ ከሌለ ደግሞ «አዘር ዲቫይስስ» ወደሚለው ይሂዱ። እዚያ «መልቲሚዲያ ኦዲዮ ኮንትሮለር» የሚል ስም ቢጫ ምልክት ለብሶ ካገኙት ደስ ይበልዎ፤ ዕቃው በሕይወት አለ፣ ድራይቨር ብቻ ነው ያጣው። የተቃጠለ ዕቃ ብዙውን ጊዜ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ጭራሽ አይገኝም።

ስሙ ላይ ሁለት ጊዜ ክሊክ ሲያደርጉ የሁኔታ መግለጫና የኮድ ቁጥር ይመጣል። ኮድ 28 ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። ኮድ 10 ዕቃው ሥራ መጀመር አልቻለም ማለት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ወይም የተበላሸ ድራይቨር ያመጣዋል። ኮድ 22 ደግሞ ዕቃውን አንድ ሰው አጥፍቶታል ማለት ነው፤ ቀኝ ክሊክ አድርጎ ማብራት ብቻ ይበቃል።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶውን ያንሱ። እዚያው መስኮት ላይ «ዲቴይልስ» የሚለውን፣ ከሱ ሥር «ሃርድዌር አይዲስ» የሚለውን ሲመርጡ የፊደልና የቁጥር ድርድር ይመጣል። «ቬን» ከሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች የዕቃውን ሠሪ ይናገራሉ። 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው፤ ኩባንያው ቁጥሩን የወሰደው በ1978 ካወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰሩ ስም ነው። 10ኢሲ ከሆነ ሪልቴክ፣ 1002 ከሆነ ኤኤምዲ፣ 10ዲኢ ከሆነ ኤንቪዲያ ነው። የኤኤምዲና የኤንቪዲያ ስሞች አንዳንድ ጊዜ የሚመጡት በኤችዲኤምአይ ገመድ ለሚሄደው ድምፅ ስለሆነ እነሱን አይቶ የላፕቶፑ ስፒከር ድራይቨር አለው ማለት አይቻልም።

የእማማ ላፕቶፕ ኮድ 28 አለ፤ ቁጥሩ ደግሞ 8086። ነገሩ ወዲያው ተገለጠልኝ። ፎርማት ያደረገው ሰው የሪልቴክ ድራይቨር ለመጫን ሞክሮ ነበር፤ የወረደው ፋይል እዚያው ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። ሪልቴኩ ግን ከኢንቴሉ ኮንትሮለር ጀርባ ነው ያለው። የግቢው በር ስላልተከፈተ የቤቱ በር አልታየም፤ ጫኙም ዕቃው የለም ብሎ ተመለሰ። «ተቃጥሏል» የተባለው ይኸው ነው።

ትክክለኛውን ድራይቨር ማግኘት

ድራይቨር መጀመሪያ የሚፈለገው ከአንድ ቦታ ነው፤ ኮምፒውተሩን ከሠራው ኩባንያ የድጋፍ ገጽ። ዴል፣ ኤችፒ፣ ሌኖቮና ሌሎቹም በነፃ ያቀርባሉ። የሚፈለገው የላፕቶፑ ጀርባ ላይ የተለጠፈው የሞዴል ወይም የሴሪያል ቁጥር ነው፤ ዴል ላይ ሰርቪስ ታግ የሚባለው ሰባት ፊደልና ቁጥር ይበቃል። በተለያየ ዕቃ የተገጣጠመ ዴስክቶፕ ከሆነ የማዘርቦርዱን ሞዴል ይፈልጉ። ዊንዶውስ ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚባለው መስኮት ይነግርዎታል።

የዊንዶውሱንም ዓይነት ይለዩ። የ32 ቢት ድራይቨር ለ64 ቢት ዊንዶውስ አይሆንም፤ የ64ቱም ለ32ቱ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላቆመ ብዙ ሰው ወደ ዊንዶውስ 11 እየተሻገረ ነው። ላፕቶፑ ቆየት ያለ ከሆነና በኩባንያው ገጽ ላይ ለ11 የተዘጋጀ ካጡ፣ ለ10 የተሠራው የ64 ቢት ድራይቨር አብዛኛውን ጊዜ ያገለግላል።

«ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እንጭንልዎታለን» ከሚሉ ፕሮግራሞች ይራቁ። ካርድ የሞላንበትን ዳታ ይጨርሳሉ፣ ማስታወቂያና ቫይረስ ይዘው ይገባሉ፣ የማይሆነውንም ጭነው ማሽኑን የባሰ ያበላሹታል። ለድራይቨር ክፍያ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠመዎትም ይዝጉት።

ከፎርማት በኋላ ዋይፋዩም አልሠራ ብሎ ከሆነ አይጨነቁ። የአንድሮይድ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ያገናኙና ከስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ኢንተርኔትን በዩኤስቢ የሚያጋራውን ያብሩት። ዊንዶውስ ለዚህ የሚሆን ድራይቨር አብሮት አለ፤ ኢንተርኔቱም ይገባል። ከዚያ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ «ኦፕሽናል አፕዴትስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ የጎደለው ድራይቨር አንዳንዴ እዚያው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ሲጭኑ ቅደም ተከተል ይጠብቁ፤ መጀመሪያ የቺፕሴቱን፣ ቀጥሎ የኮንትሮለሩን፣ በመጨረሻ የኮዴኩን። ከእያንዳንዱ በኋላ ሪስታርት ያድርጉ። እማማ ቤት ያደረግነው ይህን ነው። ከሠሪው ገጽ የኢንቴሉን አውርደን ጫንን፤ ላፕቶፑ ሲነሳ ሪልቴኩ ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ብቅ አለ። የሱንም ጫንን። ቀዩ ኤክስ ጠፋ። ዱባይ ስንደውል መጀመሪያ የተሰማው «እማዬ?» የሚለው የልጅቷ ድምፅ ነበር።

አሁንም ዝም ካለ

ድምፁ የጠፋው ከፎርማት ሳይሆን ከዊንዶውስ ዝማኔ በኋላ ከሆነ፣ ዲቫይስ ማኔጀር ላይ የድምፁን ዕቃ ከፍተው «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን ይሞክሩ፤ ወደ ቀድሞው ይመልስዎታል። የዕቃው ስም ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ነው) ገብተው ኦንቦርድ ኦዲዮ የሚለው መብራቱን ያረጋግጡ፤ እዚያ ከጠፋ ዊንዶውስ ዕቃውን ሊያየው አይችልም።

ይህ ሁሉ ካልሆነ የመጨረሻ ዳኛ አለ። ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ አዘጋጅተው፣ ምንም ሳይጭኑ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ያስነሱ። ሊኑክስ የአብዛኛውን የድምፅ ዕቃ ድራይቨር በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ፣ እዚያ ድምፅ ከተሰማ ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ወደ ዊንዶውሱ ድራይቨር ይመለሱ። እዚያም ዝም ካለ ዕቃው ራሱ መጎዳቱን መጠርጠር ተገቢ ነው። ተጎድቶም እንኳ ቢገኝ ማዘርቦርድ መቀየር ግድ አይደለም። ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ የድምፅ ማውጫ አለች፤ ዊንዶውስ ድራይቨሯን ራሱ ይዟል፣ ስትሰካ ወዲያው ትሠራለች።

ከፎርማቱ በፊት

መጥኖ የመደቆሱ ጊዜ ግን ከፎርማቱ በፊት ነው። ኮምፒውተርዎን ለፎርማት ከመስጠትዎ በፊት ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱና የድምፁንና የዋይፋዩን ዕቃ ስም በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የሁለቱን ድራይቨር ከሠሪው ገጽ አውርደው ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ፤ የማሽኑን ሞዴል ጽፈው ከፍላሹ ጋር ያኑሩት። ማሽኑን ሲረከቡም ቤት ከመድረስዎ በፊት እዚያው ድምፁን ከፍተው ይስሙ፤ ማይክሮፎኑንም ተናግረው ይሞክሩ።

«ተቃጥሏል» ያለዎትን ሰው ደግሞ በትሕትና አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፤ «ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ኮድ ስንት ይላል?» መልሱ 28 ከሆነ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ይተዉት።