ብራንዲውም ዳግም አረቄውም ለልጅ መድኃኒት አይሆኑም

ለፋሲካ የእህቴ ልጅ ከውጭ አገር ሲመጣ አንድ ጠርሙስ ብራንዲ ይዞልኝ መካነ ኢየሱስ ገባ። «አክስቴ፣ ይኼ ጠፍቶ ኖሮ እንደገና ከተገኘ የጥንት ነጭ ወይን የተሠራ ነው» አለኝ። ቡና ላይ የነበሩት ጎረቤቴ እማማ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩና «ለጉንፋን ፍቱን ነው፤ ለልጁ አንድ ማንኪያ ቅጂለት» አሉኝ። ልጁ የ4 ዓመት የልጅ ልጃቸው ነው፤ ሳል ይዞታል።

የወይኑ ነገር እውነት ነው። ፈረንሳዮች ኮኛክ የሚሠሩት ከነጭ ወይን ነው። በ1870ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሥር የሚመጥ ተባይ እርሻቸውን ሲያወድም የቀድሞው ዝርያ ቦታውን ለሌላ ለቀቀ። የወይን ጠጁን በመዳብ ጋን ሁለት ጊዜ ያወጡታል፤ ከዚያም ቢያንስ 2 ዓመት በበርሜል ያስቀምጡታል። ለእኛም ወይን እንግዳ አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡ ተጓዦች የይፋግን ወይን ጠቅሰዋል። ሁለት ጊዜ ማውጣቱንም በዳግም አረቄ እናውቀዋለን። ከወይን ይውጣ ከዳጉሳ፣ ልጅ ሆድ ሲገባ ግን ሁለቱም ያው አልኮል ናቸው።

በሥራ ዘመኔ አንድ ሌሊት የራሱን ስም የማይመልስ ሕፃን አምጥተውልን ነበር። ሆዱን ቆርጦት አረቄ ቀምሷል፤ እራቱን አልበላም። ላብ አጥምቆት ሰውነቱ ቀዝቅዟል። አልኮል ጉበት ስኳር እንዳያመርት ይከለክላል፤ ልጅ ደግሞ የሚያጠራቅመው ስኳር ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይወርድበታል። ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊገድለውም ይችላል። ግሉኮስ በደም ሥሩ ስንሰጠው ነቃ። አያቱ ሲያለቅሱ አይረሳኝም፤ የሰጡት በፍቅር ነበር።

እናም ወላጆች፣ አያቶች፦ ልጅ ሲያስለው ለብ ያለ ውኃ ስጡት፤ ዓመት ካለፈው ማር ጨምሩበት። ዓመት ላልሞላው ማር አይሰጥም። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ አድርሱት። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ በሱቅ የተከለከለውን በማንኪያ አንስጥ።

ለእማማ ይህንኑ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እኛም እኮ እንዲሁ ሲሰጡን አድገን ነው» አሉ። ማር በጥብጬ ለልጁ ሰጠሁት። ብራንዲውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።