ምኒልክ ያልተቀመጡበት ወንበር

በዘንድሮው የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ዳኛው እኔ ነበርኩ። ማይክሮፎኑ ይጮኻል፣ የጅቡቲ ሙቀት ማራገቢያውን ንቆታል፣ 7ኛ እና 8ኛ ክፍል 13 ለ13 እኩል ናቸው። የመጨረሻውን ጥያቄ አነበብኩ፤ «አፄ ምኒልክ ከአሜሪካ ያስመጡትን የኤሌክትሪክ ወንበር ምን አደረጉት?» ወረቀቴ ላይ የተጻፈው መልስ «ዙፋን» ይላል።

የ7ኛ ክፍሏ ተወዳዳሪ ተነሥታ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው» አለች። «መልሱን ብቻ ተናገሪ፣ ክርክር አትክፈቺ» ብዬ ዜሮ ሰጠኋት። 8ኛ ክፍሎች በአንድ ድምፅ «ዙፋን!» አሉና ዋንጫውን ወሰዱ።

ልጅቷ ልክ ነበረች። ውድ ወላጆችና ተማሪዎች፣ ይህ ጽሑፍ ጠቅላላ ዕውቀት ነው ተብሎ ይታተም እንጂ ግማሹ ይቅርታ ነው።

ታሪኩን ሳትሰሙት አትቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1890 ኒውዮርክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በኤሌክትሪክ ወንበር በሞት ተቀጣ። ይህ እውነት ነው። ከዚያ ምኒልክ ሰሙና ሦስት ወንበር አዘዙ፤ ወንበሮቹ ሲደርሱ አገሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የለም፤ ሁለቱ ተጣሉ፣ አንዱ ዙፋን ሆነ ይባላል። እዚህ ላይ ግን ማስረጃው የለም። ወንበሮቹን ያየ፣ የላከ፣ ያወረደ ወይም የተቀመጠበት ሰው በዘመኑ የጻፈው ነገር አልተገኘም። ታሪኩን ያሰራጩት ከብዙ ዘመን በኋላ የወጡ የፈረንጅ «አስገራሚ ነገሮች» መጻሕፍት ናቸው፤ ከእነርሱ ኢንተርኔት ቀዳ፣ ከኢንተርኔት ደግሞ እኔ ቀዳሁ።

ማስረጃ መፈለጉ ቀርቶ ቁጭ ብዬ ባስበው እንኳ በበቃኝ ነበር። በ1890 ባቡር የለም። ሐዲዱ ከእኛው ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ስለዚህ ሦስቱ ወንበሮች በረሃውን በግመል፣ ዳገቱን በበቅሎ ሊሻገሩ ነው። እሺ፣ ግመል ብዙ ነገር ተሸክሟል እንበል። ነገር ግን ምኒልክ ዘንድ በዚያን ጊዜ አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ነበር፤ ከ1879 ጀምሮ ያገለግላቸው የነበረ፣ በኋላም አዲስ አበባ ውኃ በቧንቧ እንዲገባ ያደረገ ሰው ነው። ይህ ሁሉ ዕቃ ሲታዘዝ «ጃንሆይ፣ ይሄ ነገር መብራት ይፈልጋል» የሚል አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?

ታሪኩ ያልሞተው ሥሩ እውነት ስለሚመስል ነው። ምኒልክ አዲስ መሣሪያ ይወዱ ነበር፤ ስልክ፣ መኪና፣ ባንክ ሁሉም በእርሳቸው ዘመን ገብቷል። ውሸት ደግሞ እውነት አጠገብ ሲቀመጥ ያምርበታል። ልጅቷ ከውድድሩ በኋላ ያለችኝ ግን ከዚህ ይበልጣል፤ «ቲቸር፣ ቀልዱ እኮ የሚስቀው በእኛ ነው።» እውነቷን ነው። ኤሌክትሪክ ምን እንደሆነ የማያውቅ የሩቅ አገር ንጉሥ ተብሎ የተሣለው የእኛ ንጉሥ ነው፤ እኔ ደግሞ በአማርኛ፣ በማይክሮፎን፣ ከነነጥቡ አነበብኩት። ንጉሡ ታመው ሳለ ለመዳን ብለው የመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ ይበሉ ነበር የሚለውም ከዚያው ጆንያ የወጣ ነው፤ ለእርሱም ማስረጃ የለም። ምኒልክ ሰውነታቸውን ያሰረው ሕመም ለዓመታት አሠቃይቷቸው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ።

ከዚህ በኋላ እንቅልፍ አጣሁና የጥያቄ ወረቀቴን በሙሉ ፈተሽኩት። «ሰጎን ስትፈራ ራሷን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች» የሚለው ወደቀ። ሰጎን ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ጭራ ነው፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እንቁላሏን በመንቁሯ ስታገላብጥ ከሩቅ ያየ ሰው ራሷ የተቀበረ ይመስለዋል። ስትፈራ ትሮጣለች፣ ያውም እንዴት! «ሙዝ በዕፅዋት ተመራማሪዎች አመዳደብ ቤሪ ነው፣ እንጆሪ ግን አይደለም» የሚለው ማንም ያላመነው ጥያቄ ደግሞ እውነት ሆኖ ተገኘ።

«አዳምና ሔዋን የበሉት ፍሬ ምንድን ነው?» ለሚለው «ፖም» ያሉትን ትክክል ብዬ ነበር። ኦሪት ዘፍጥረት ግን የዛፍ ፍሬ ይላል እንጂ ስም አይጠራም። ፖሙ የመጣው ከአውሮፓ ነው፤ በላቲን «ክፉ» እና «ፖም» የሚባሉት ቃላት ስለሚመሳሰሉ ነገሩ ተቀላቀለ፣ ሠዓሊዎቹም አጸኑት። የእኛ አያቶች «ዕፀ በለስ» ይላሉ፤ ሁለቱ የሰፉት የበለስ ቅጠል መሆኑን ካስታወስን እነርሱ ይሻላሉ። አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ ግን ይህን ሰምቶ አዳምን ቁልቋል ሥር ሣለው። የቁልቋል በለስ የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ ያውም እሾኹ ከአዳም ልብስ ጋር አይስማማም።

ትልቁን ጠብ ያስነሣው «የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ የት ነው?» የሚለው ነው። ልጆቻችን ሁሉ «ዳሎል!» ብለው ጮኹ። መልሱ ግን ደጃችን ያለው የአሳል ሐይቅ ነው፤ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር። ደናክል ከእርሱ ከፍ ይላል። ለተከፉት ማጽናኛ አለኝ፤ ዳሎል ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው የ34.6 ዲግሪ አማካይ ሙቀት ሰው ከሚኖርባቸው ቦታዎች ሁሉ በሙቀት ክብረ ወሰኑን ይዟል። በሐምሌ ጅቡቲ የዋለ ሰው ግን ይህን ለማመን ይቸገራል።

ስለ ስልካችን አንድ ነገር ልጨምር። ዋትስአፕ ላይ መልእክቱ አናት ላይ ሁለት ቀስት ካያችሁ፣ ከእጅ ወደ እጅ ቢያንስ አምስት ጊዜ ተላልፎ የመጣ ነው። ኩባንያው ከ2020 ጀምሮ እንዲህ ያለውን በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ቡድን ብቻ እንዲላክ ገድቦታል። ሁለቱ ቀስቶች ሐሰት ነው አይሉም፤ የላከላችሁ ሰው የጻፈው አይደለም ነው የሚሉት። አክስታችሁ የላኩላችሁ የአንስታይን ጥቅስ ስለ ስማርት ስልክ የሚናገር ከሆነ ግን ቀስት መቁጠር አያስፈልግም፤ ሰውየው የሞተው በ1955 ነው።

ወደ ዋንጫው ልመለስ። ጥያቄው ሐሰት ስለነበር ተሰርዟል፤ ውጤቱም 13 ለ13 ሆኗል። 8ኛ ክፍሎች «ቲቸር፣ እኛ እኮ የመለስነው እርስዎ ወረቀት ላይ ያለውን ነው» ብለው አቤት አሉ፤ ክርክራቸው ደካማ አይደለም። ዋንጫው ስድስት ወር እዚያ፣ ስድስት ወር እዚህ እንዲቀመጥ ተስማምተናል። ልጅቷ ዋንጫውን እምብዛም አልጓጓችለትም። የጠየቀችው የሚመጣውን ዓመት ጥያቄዎች ከውድድሩ በፊት እንድታርም ነው። ተወዳዳሪ ስለሆነች አልተፈቀደላትም።